ቁጣና ሽምግልና፤ በላንጋኖ ዳር ስለ ተነሣ አንድ ክርክር

ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈው ሦስት ተማሪዎች ነን። ከሦስታችን ሁለቱ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ግንኙነት በሃይማኖታችን ኀጢአት ነው ብለን እናምናለን፤ ሦስተኛው እንዲህ አያምንም። ይህን አስቀድመን መናገራችን አንባቢ የትኛው መስመር የማን እንደ ሆነ በመመርመር ጊዜውን እንዳያባክን ብለን ነው። ነገሩ ኀጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳያችን ሰዎች በዚህ ነገር በፖለቲካ ሲለያዩ መቼ መቆጣት፣ መቼስ ረጋ ብሎ መነጋገር ይገባል የሚለው ነው። ለመጻፍ ያነሣሣንም በላንጋኖ ያየነው ነገር ነው።

እንደምታስታውሱት ማኅበራችን ባለፈው ዓመት መጨረሻ ከፈተና በኋላ ለሁለት ሌሊት ወደ ላንጋኖ ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር። ከአዳማ ተነሥተን ሞጆን፣ መቂንና ባቱን አልፈን ከቀትር በኋላ ደረስን። የሐይቁ ውሃ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ዋና የማይችለውም ሁሉ እስከ ጉልበቱ ገባ። ማታ በዳርቻው እሳት አነደድን፤ ዓሣ ጠበስን። እስከዚህ ድረስ ደስታ ነበር።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ጓደኛችን በስልኩ የቲክቶክ ፊልም ከፈተ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው የሌላውን ሰው ፎቶግራፍና ሰፈር እያሳየ፣ ይህ እንዲህ ያለ ነውና ፈልጋችሁ አግኙት እያለ ይናገራል። ከእኛ መካከል የሳቁ ነበሩ። አንዲት እኅታችን ግን «ይህ ሰው ነገ ቢገደል፣ ቀብሩ ላይም እንዲሁ ትስቃላችሁ?» ብላ ተነሣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ብንጽፈው ማኅበራችን ያፍራል። ባጭሩ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ፤ ከወጥ ቤት የተዋስነው አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ተወረወረ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በአንድ የመኝታ ክፍል የኖሩ ሁለት ጓደኛሞች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። የሠፈሩ ዘበኛ የሆኑ አንድ የአርሲ አባት ጩኸቱን ሰምተው ባትሪያቸውን እያበሩ መጡና «ምን ሆናችሁ ልጆቼ? ሰው ሞተ ወይ?» ብለው ጠየቁን። የመለሰላቸው አልነበረም። እኒህን አባት ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ሲነጋ ከመካከላችን አንድ ሰው ጠፋ። ጎሕ ሳይቀድ ቦርሳውን አንሥቶ እስከ አስፋልቱ በእግሩ ሄዶ መኪና ተሳፍሮ ኖሯል። በክርክሩ ጊዜ በእሳቱ ዳር ተቀምጦ አንድ ቃል አልተናገረም። ለምን እንደ ሄደ አናውቅም፤ አልጠየቅንም፤ መጠየቅም የሚገባን አይመስለንም። ምናልባት ጩኸቱ አስጠልቶት ይሆናል፤ ምናልባትም ቤቱ የሚያስቸኩል ነገር ነበረው። እኛ ግን ያን ሌሊት ከተናገርነው ሁሉ የትኛው ቃል አስነሥቶት ይሆን እያልን ማሰብን ልንተው አልቻልንም።

በእሳቱ ዳር ከተከራከርነው መካከል አብዛኛው ሰው ሕጉ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር። አንዱ ቅጣቱ ሞት ነው አለ፤ ሌላው ምንም ሕግ የለም አለ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ይከለክለዋል፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ይህም በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አንቀጾች ሥልጣንንና ጉልበትን መሣሪያ ላደረገ ወይም ሕፃን ላይ ለፈጸመ ሰው ቅጣቱን እያከበዱ ይሄዳሉ፤ በዚህም የሚከራከር አልነበረም።

ለሁለቱም ወገን የምትሆን አንዲት ነገር እግረ መንገዳችንን እንጣል። በእሳቱ ዳር አንደኛው ወገን «ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ነው» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «የውጭስ ሕጉ ነው» ይል ነበር። የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊስ የሕግ ሊቅ ናቸው፤ የገዛ አገራቸው ስዊስ ግን ይህን ድርጊት ከወንጀልነት ያነሣችው ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ስለዚህ «ከውጭ መጣ» የሚለው ድንጋይ ወደ የትኛውም ወገን ቢወረወር ተመልሶ ወርዋሪውን ይመታል፤ በጨዋታ ላይ ባይነሣ ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ሕጉ በየትኛውም አንቀጹ መንገደኛ መንገደኛውን ይምታ፣ ፎቶግራፉን ለሕዝብ ይበትን፣ የቤቱን በር ለሰው ያሳይ አይልም። እንዲያውም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ስለ ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ ስለ ግል ሕይወት መከበር ይናገራል፤ «ከእገሌ በቀር» የሚልም የለበትም። ስለዚህ ሕጉ ይጽና የሚለውም ሰው ቢሆን በዚያ ፊልም ለመሳቅ ከሕግ በኩል ድጋፍ አያገኝም። ይህን ያን ሌሊት ብናውቀው ኖሮ ክርክሩ በግማሽ ባጠረ ነበር ብለን እንገምታለን። ምናልባትም ራሳችንን እያሞኘን ይሆናል።

አሁን ወደ ቁጣ እንለፍ። ቁጣ ለተማሪ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ታሪክ ግማሹ የቁጣ ታሪክ ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ። ቁጣቸው አድራሻ ነበረው፤ ሕግ በሚወጣበት ቤት ደጃፍ ቆመው፣ የገባሩን ነገር ስሙ አሉ። ሰሚ ለማግኘት 10 ዓመት ፈጀ፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 1967 ዓ.ም. ነውና። ኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪዎች መጽሔት ወጣ፤ እርሱም የቁጣ ጽሑፍ ነበር። የወደደውም የጠላውም እስከ ዛሬ ይከራከርበታል፤ ሲወጣ ግን የተነሣው ሐሳብ ላይ ነው፤ የማንንም አካል አልነካም።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ የምናፍርበት ነገር አለ፤ ስለ ተማሪዎች ትግል በሚነገርበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች ይህ የባህል ወረራ ነው፣ አጭር ቀሚስ የኢምፔሪያሊዝም ልብስ ነው ብለው ተሰበሰቡ። እንግዶች ተዋከቡ፤ ሴት ተማሪዎች ተሰደቡ፣ ተገፉ። ፖሊስ ገባ፤ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርስቲው ተዘጋ። ያ ቁጣ ለባህል የተቆጣ መስሎት ነበር። ወደ ኢምፔሪያሊዝም ግን አልደረሰም፤ ኢምፔሪያሊዝም በዚያ ቀን በአዳራሹ በር አልቆመምና። የደረሰው በቅርብ በተገኘው፣ ደካማ በሆነው፣ በአንዲት እኅታችን ገላ ላይ ነው። የቲክቶኩን ፊልም ስናይ ትዝ ያለን ይህ ነው። ለባህልና ለሃይማኖት የሚቆጣ ሰው የሚቆጣበት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከእኛም ሁለታችን አለን። ነገር ግን ቁጣው የሚያርፈው በአንድ ሰው ፎቶግራፍ ላይ ከሆነ አድራሻውን ስቷል።

የሽምግልናውንስ መንገድ ማን ሞከረው ቢባል፣ በዚህ ጉዳይ በአገራችን የታየውን እንናገር። ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ሕግ አውጪዎችን ጠየቁ። ከዚያ በኋላ በኅዳር 2004 ዓ.ም. ስለ ኤድስ የሚመክረው ትልቁ የአፍሪካ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሊካሄድ ሲል፣ ከጉባኤው አስቀድሞ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጤና የሚመክር ስብሰባ እንዳለ ተሰማ። የሃይማኖት መሪዎች የተቃውሞ መግለጫ ሊሰጡ ጋዜጠኞችን ጠሩ። በዚያ ጊዜ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም መሪዎቹን አነጋገሯቸው፤ መግለጫው ሳይሰጥ ቀረ፤ ጉባኤውም ተካሄደ። እንደ ገና መጋቢት 2006 ዓ.ም. ይህን ወንጀል ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች የሚጨምር የሕግ ረቂቅ ቀረበ፤ ለሚያዝያ 18 ቀንም በአዲስ አበባ የተቃውሞ ሰልፍ ታቀደ። ሁለቱም ቀሩ። የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት አቶ ሬድዋን ሁሴን ነገሩ እንደሚወራው የተስፋፋ አይደለም፣ የመንግሥትም አጀንዳ አይደለም የሚል ሐሳብ ሰጡ።

እንግዲህ ሁለት ጊዜ ነገሩ በለሰለሰ ድምፅ በረደ። በእነዚያ ቀኖች በአደባባይ የተደበደበ ሰው ካልነበረ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በዝምታ ለሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባል። ሆኖም በዝምታ የተሰጠ በዝምታ ይወሰዳል። ያ ሁሉ ሲሆን ስለ እነርሱ የሚወራላቸው ሰዎች በክፍሉ ውስጥ አልነበሩም፤ ሕጉም አልተነካም፤ ሕዝቡም ስለ ነገሩ በእርጋታ መነጋገርን አልተማረም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በቲክቶክ የሰዎች ፎቶግራፍ በብዛት ሲበተን ያስተማረን ይህንኑ ነው። በዚያው ወር የአዲስ አበባ ፖሊስ ይህ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታውቆ፣ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ «አጀንዳችን አይደለም» የተባለው ነገር አጀንዳ ሆነ። ሹም ሲያዝን የሚቆም፣ ሹም ሲቆጣ የሚወድቅ ነገር መብት አይባልም፤ ምሕረት ነው።

የውጭ ሰዎች ቁጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጥቅምት 2004 ዓ.ም. የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን እነዚህን ሰዎች የሚያሳድዱ አገሮች ርዳታ ሊቀነስባቸው ይችላል ብለው ተናገሩ። አንባቢ ይህን ማን ይቃወመዋል ብሎ ያስብ ይሆናል። መንግሥታቱ ተቃወሙ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በዚያው ወር ለእነዚሁ ሰዎች መብት የሚታገሉ ብዙ የአፍሪካ ድርጅቶች ተባብረው በጽሑፍ ተቃወሙ። ያሉትም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ርዳታው ሲቋረጥ መድኀኒት የሚያጣው በሽተኛ ከእኛ መካከል ነው፤ ርዳታው የቀረበት ጎረቤታችንም «በእናንተ ምክንያት» ብሎ በእኛ ላይ ይነሣል፤ ጥፋቱንም የነጭ ሥራ ያስመስሉብናል። ያ ጽሑፍ በተጻፈ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ነው የአዲስ አበባው ጉባኤ የተካሄደው። በውጭ አገር የተናገሩት ቃል ክፍያው አዲስ አበባ ወይም ካምፓላ ይጠየቃል ማለት ነው።

የገዛ ወገኖቻችንም ከዚህ ሒሳብ አያመልጡም። በብሪታንያ ያለ «ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የሚባል የኢትዮጵያውያን ድርጅት አለ፤ በ2015ቱ ጊዜ ፊልሞቹ እንዲነሡ ለቲክቶክ ጥሪ አቅርቧል። ይህን ስንሰማ ደግ ሥራ ነው አልን፤ የተጠየቀው ፊልሙን ያስተላለፈው ኩባንያ ነውና፤ ክፍያውም በአገር ቤት ባለ ሰው ጫንቃ ላይ አይወድቅም። በውጭ አገር ተቀምጦ በአገር ቤት ያለውን ሰው «ለምን አትወጣም፣ ለምን አትጮኽም» የሚለውን ግን አንወደውም። ጩኸቱ ማንን እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ይታይ፤ ድምፁ ይጩኽ ወይስ ይለዝብ የሚለውን የሚወስነውም ከፋዩ ይሁን። በእሳቱ ዳር የተቆጣችው እኅታችን ትክክል ነበረች ብለን ሦስታችንም እናምናለን። ሆኖም ስትቆጣ ዞር ብላ ማን ዝም እንዳለ አላየችም። እኛም አላየንም።

በሌላው ዓለም ቁጣና ዘዴ እንዴት እንደ ተጋቡ ለማየት አንድ ሁለት ነገር እናንሣ። ፍራንክ ካመኒ የተባለ የሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ዶክተር እ.ኤ.አ. በ1957 በዚሁ ምክንያት ከአሜሪካ መንግሥት ሥራ ተባረረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ጉዳዩን አላይም አለው። ሚያዝያ 17 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ዐሥር ሰዎች ሆነው በዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ። ካመኒ ያወጣው ደንብ ያስቃል፤ ወንዶች ሙሉ ልብስና ከረባት፣ ሴቶች ቀሚስ እንዲለብሱ አዘዘ። መንግሥት እንዲቀጥረን የምንፈልግ ከሆነ የሚቀጠር ሰው እንምሰል ማለቱ ነው። እንግዲህ በሰዓቱ ቁጣው በከረባት ታስሮ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ በስቶንዎል መጠጥ ቤት ፖሊስ ሲገባ የተነሡት ግን ከረባት የሌላቸው ናቸው፤ ድንጋይና ጠርሙስ ወረወሩ። ካመኒን ፈሪ፣ እነዚያን ደግሞ ጀግና የሚያደርጉ አሉ፤ ግልብጡን የሚሉም አሉ።

እኛን የገረመን ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ዝንባሌ በበሽታ መዝገብ ጽፎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ ከረባቱ ካመኒ ራሱ ሐኪሞቹ በተሰበሰቡበት አዳራሽ ገብቶ ማይክሮፎን ነጠቀና ጮኸባቸው። በማግስቱ ዓመት ሐኪሞቹ አንድ መድረክ ፈቀዱ። በዚያ መድረክ ላይ ጆን ፍራየር የሚባል ሐኪም ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ድምፁ በሚለወጥበት ማይክሮፎን፣ እኔ ከእናንተ አንዱ ነኝ፣ እንዲህም ያለሁ ነኝ ብሎ በትሕትና ተናገረ። ስሙን ቢገልጥ ሥራውን ባጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1973 ማኅበሩ ከበሽታ መዝገቡ ሰረዘው። ጩኸቱ ባይኖር መድረኩ አይከፈትም ነበር፤ ጭምብል የለበሰው ሰው ባይኖር ደግሞ በተከፈተው መድረክ የሚናገር ሰው አይገኝም። ጮኾ በሩን የከፈተና ገብቶ የተናገረ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ሌላውን «አንተ ከሃዲ» ብሎ ቢሰድብ ግን ሁለቱም ከደጅ ይቀሩ ነበር።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ ሳይመን ንኮሊን እናገኛለን። በደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1984 ተይዞ ከሌሎች ታጋዮች ጋር በአገር ክህደት ተከሰሰ፤ ሞት የሚያስፈርድ ክስ ነበር። በእስር ቤት ሳለ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ ብሎ ለጓደኞቹ ተናገረ። አንዳንዶቹ ስማችን ይጠፋል፣ ጉዳዩ ለብቻው ይታይ አሉ። ክርክሩ በእስር ቤት ክፍል ውስጥ ቀጠለ፤ መውጫ የለምና ማንም ቦርሳውን አንሥቶ ሊሄድ አይችልም። መጨረሻ ላይ አብረው ተከሰው አብረው ቆሙ። ንኮሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በነፃ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በጆሃንስበርግ የመጀመሪያውን የአደባባይ ሰልፍ ካዘጋጁት አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደቀው የአገሩ ሕገ መንግሥትም በዚህ ምክንያት ሰውን መለየት ከለከለ። ከእርሱ ጋር ታስረው ከነበሩት መካከል እነ ሞሲዋ ሌኮታና ፖፖ ሞሌፌ ኋላ ትልቅ ሥልጣን ይዘዋል። ንኮሊ ጓደኞቹን በመጮኽ አላሸነፈም፤ ዝም በማለትም አይደለም። እንጀራውንና ሰንሰለቱን ተካፍሏቸው ስለ ነበር ቃሉን ሊንቁት አልቻሉም።

ስለ ዘበኛው አባት እንመለሳለን ብለን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ስናፈላ መጡና ኩባያ ሰጠናቸው። ስለ ምን እንደ ተጣላን አልነገርናቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። «እኛ አገር ሴቶቹ ሲቆጡ በትር አላቸው» ብቻ አሉን። ስለ ሲንቄ መናገራቸው ነው።

ለማያውቅ አንባቢ እንግለጥ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ቀጭን በትር ትሰጣታለች፤ ሲንቄ ትባላለች። በትሯ ሰው አይመታባትም። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ ይልቁንም አራስ ሳለች ቢመታት፣ ሴትዮዋ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቷን የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ጥላ፣ ወጥ እሳት ላይ ቢሆንም ትታ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። ተሰብስበው እየዘመሩ መንደሩን ለቀው ይሄዳሉ፤ በዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ቤቱ ያለ እናት፣ ላሟ ያለ አላቢ ትቀራለች። እርግማናቸው ይፈራል። ሽማግሎች ይላካሉ፤ ይለመናሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ከብት አርዶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሴቶቹም ይመርቁና ይመለሳሉ። ሁለት ወገን ሲዋጋም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ቢቆሙ ጦሩ ይቆማል።

ያን ጠዋት ይህን ስንሰማ ከዐሥር የፖለቲካ መጽሐፍ ያላገኘነውን ያገኘን መሰለን። እዚህ ላይ ቁጣና ሽምግልና ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ሆነው አይቆሙም፤ የአንድ ሥርዓት ሁለት ክፍል ናቸው። ሴቶቹ ባይወጡ ሽማግሎቹ ከተቀመጡበት አይነሡም። ሽማግሎቹ ባይላኩ ሴቶቹ ከዛፉ ሥር ወዴት ይመለሳሉ? ቁጣው ምን እንደሚፈልግ የታወቀ ነው፤ በደሉ ስም አለው፤ በዳዩ ይታወቃል፤ የበዳዩ ቤት አይቃጠልም፤ ልጁ አይነካም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን አትጮኽም።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ጎድሎብናል፤ ሳንናገር ብናልፍ ውሸት ይሆንብናል። ሲንቄ ያላት የተዳረች ሴት ናት። በዚያ ፊልም ፎቶግራፉ የተበተነው ሰው በትር የሚሰጠው እናት የለውም፤ እናቱ ብታውቅ ከሁሉ አስቀድማ የምታለቅስ እርሷ ናትና። ቢጮኽ የሚወጣ ጎረቤት የለውም፤ ጩኸቱ ራሱ ማንነቱን ያጋልጠዋል። ስለዚህ «እነርሱም እንደ ሌላው ጥያቄያቸውን በሥርዓት ያቅርቡ» የሚል ሰው ሲገጥመን መልስ እናጣለን። በየትኛው በር ያቅርቡ? በታተሙ ጽሑፎች እንደሚነበበው እነዚህ ሰዎች በአገራችን በመካከላቸው አንዱ ሌላውን «ዜጋ» እያለ ይጠራዋል። ቃሉን ለምን እንደ መረጡት የተጻፈ አላገኘንም፤ ለመሸሸግ ብቻም ይሆናል። እኛ ግን ባነበብነው ጊዜ ብዙ ቆየን።

እንግዲህ በማኅበራችን የክርክር ምሽት ይህ ነገር ቢነሣ ምን እናድርግ? አንድ የኮሚቴ አባል ፈጽሞ እንዳይነሣ ይከልከል ብሎን ነበር፤ ዝምታ ወርቅ ነው አለን። አልተስማማንም። የተከለከለው ነገር በእሳት ዳር ይነሣል፤ በዚያ ደግሞ ሊቀመንበር የለም። የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ሕጉ ይጽና የሚልም፣ ይለወጥ የሚልም እስኪበቃው ይናገር፤ በሕጉ ላይ፣ በሚኒስትሩ ላይ፣ በሰባኪው ላይ፣ በዚህች መጽሔት አዘጋጆችም ላይ ይቆጣ። በአዳራሹ ውስጥ ያለም ሆነ የሌለ የማንም ሰው ስም ግን አይጠራ፤ «እገሌ እኮ» የሚል ሐሜት በተነሣ ጊዜ ሊቀመንበሩ ደወሉን ይደውል። ስልክም ወደ ማንም ሰው ፊት አይዙር። እንዲሁም ተናጋሪ ሁሉ ከመቀመጫው ሲነሣ በአዳራሹ ውስጥ ነገሩ በቀጥታ የሚነካው፣ ነገር ግን ሊናገር የማይችል አንድ ሰው ተቀምጧል ብሎ አስቦ ይናገር። ይህ የመጨረሻው ደንብ በወረቀት ሊጻፍ ቢችልም ሊያስፈጽመው የሚችል ሊቀመንበር የለም፤ ስለዚህ ኮሚቴው ከደንቡ ቢያወጣው አንቀየምም።

ከእኛ መካከል ሁለቱ «ታዲያ ሃይማኖታችሁን ለምን በግልጥ አትናገሩም?» ተብለን ተጠይቀናል። እንናገራለን። ኀጢአት ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንዲሁ ብሎ የመናገር መብት አለው፤ ሦስተኛው ጓደኛችንም ይህን አይከለክለንም፤ አይወደውም እንጂ። ስንናገር ግን የምንናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ እርሱም መልስ ሲሰጠን ስለ ሐሳባችን ነው፤ እኛን አረመኔ አላለንም። ይህችን ጽሑፍ ስንጽፍ አራት ጊዜ ተጣልተናል፤ ሁለት አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ተቀድዷል፤ አንዱም አንቀጽ በሁለት ድምፅ ለአንድ ነው የገባው። የትኛው እንደ ሆነ አንነግራችሁም።

የጉዞው ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ሲዘጋ ከጎሕ በፊት ከሄደው ጓደኛችን የአንድ ሌሊት መኝታና የምሳ ገንዘብ ተራፊ እንዳለ አገኘ። ይመለስለት ተብሎ ተወሰነ። ማን ይስጠው የሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም፤ ምክንያቱም የሚሰጠው ሰው «ለምን ሄድክ?» ሳይል ሊሰጠው ይገባል፤ እንዲህ አድርጌ እሰጠዋለሁ ብሎ እጁን ያነሣ ሰው ገና አልተገኘም። ገንዘቡ በኤንቬሎፕ ተደርጎ በማኅበሩ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።